ሠላሳ አራተኛው ፎቶ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስለ እኔ የሚወራ አንድ ታሪክ አለ። ሰርግ ላይ ይነሳል፣ ለቅሶ ቤት ይነሳል፣ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ይዘው የተቀመጡ ጎረምሶች እንኳ ያውቁታል። «ሰይድ ፎቶ አንሺው እኮ በደርግ ጊዜ…» ይባልና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቴን ደግሞ ሰዉ ትሕትና ነው ይለዋል። ትሕትና አይደለም። ምን እንደሆነ ዛሬ ለእናንተ ልንገራችሁ፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ የፈለጋችሁትን ፍረዱብኝ።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ፤ ከፊት አንድ ወንበርና ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከኋላ ፊልም የማጥብባት ጨለማ ክፍል። ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ዓመት ነው። ጠዋት ስንነሳ መጀመሪያ የምንሰማው ማን እንደተወሰደ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ያልያዘ ሰው ከደጃፉ መራቅ ስለማይችል ሥራዬ ሞልቷል፤ ነገር ግን ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ሽማግሌውም ኮረዳዋም ካሜራውን የሚያዩት ጠመንጃ እንደሚያዩ ነው። «ፈገግ በሉ» ማለት ትቻለሁ። አንዳንዱን ፎቶ ባለቤቱ ሳይወስደው ይቀርና መሳቢያዬ ውስጥ ይከርማል፤ እኔም ለምን እንዳልመጣ አልጠይቅም።

ከሰው ፊት ሸሽቼ የሄድኩት ወደ አሸዋ ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ያነሳሁትን ፎቶ፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትቶት የሄደውን የተነባበረ መስመር አሳየሁት። ከመሸመኛ ጉድጓዱ ሳይወጣ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዙሮ ብዙ አየው።

«ይኼ ጥለት ነው እኮ! ማን ሠራው?» አለኝ።

«ውሃው።»

«ሱብሃነላህ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጥለት ስገለብጥ፣ ባለሙያው እዚህ ሥሬ ኖሯል!»

በሳምንቱ ያንን መስመር በአረንጓዴና በጥቁር ክር ጋቢ ጫፍ ላይ አወጣው። ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ አበድን ማለት ይቻላል። እኔ የተሰነጠቀ ጭቃ፣ የወፍ እግር የሄደበትን፣ ነፋስ አሸዋ ላይ የጻፈውን ሁሉ አነሳለሁ፤ እሱ ይሸምናል። ጎረቤቱ «ሰይድ አለቀለት፣ ሰው ጠፍቶ ጭቃ ፎቶ ያነሳል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ዓመት ሳልፈራ የማየው ነገር አሸዋ ብቻ ነበር።

ከሁሉም በላይ የምወዳት ደሴቷን ነው። ከገዳሙ ራቅ ብላ፣ በበጋ ውሃው ሲጎድል ብቅ የምትል ትንሽ መሬት ናት። ስም የላትም፤ ዝም ብለን ደሴቷ እንላታለን። ግማሽዋ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ደንገል ነው፤ ግማሽዋ ማንም የማይረግጠው አሸዋ። እዚያ የሚያደርሰኝ አያ ይመር የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። ነገር የማያበዛ፣ ሲስቅ ድምፅ የማይሰማ ሰው ነበር። ሌላ ጊዜ ገና ካሜራዬን ሲያይ ታንኳውን ይገፋል። የዚያን ዕለት ግን ከመቅዘፊያው ጋር እንደቆመ ቀረ።

«ዛሬስ ይቅርብህ ሰይዶ። ነፋስ አለ» አለኝ።

«የምን ነፋስ? ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም!»

«ሲረፍድ ይነሳል። ሐይቁን እኔ አውቀዋለሁ።»

«አንተ ነፋስ የፈራኸው ከመቼ ወዲህ ነው አያ ይመር? አርጅተህ እንደሁ መቅዘፊያውን ለኔ ስጠኝ።»

አላሳቀውም። ወደ ከተማው አየ፣ ወደ ሐይቁ አየ። ብዙ ካንገራገረ ሰው ነገር ይጠረጥራል ብሎ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

«እሺ ግባ። ግን ከአሸዋው እንዳታልፍ። ደንገሉ ውስጥ ዘንዶ አይቻለሁ። ወላሂ ዘንዶ ነው።»

እየሳቅኩ ገባሁ። ደሴቷ ላይ አውርዶኝ መረቡን ሊያነሳ ሄደ፤ ለዙሁር ተመልሶ ሊወስደኝ ተቀጣጠርን።

የዚያን ቀን አሸዋ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ሌሊቱን ውሃው ሸርተት ብሎ ስለነበር ጠርዙ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ተደራርበዋል፤ በየመስመሩ መካከል ነጭ አረፋ ደርቆ ነጠብጣብ ሠርቷል። ፀሐዩ ገና ዝቅ ያለ ስለነበር እያንዳንዷ መስመር የራሷ ጥላ ነበራት። ተንበርክኬ፣ በሆዴ ተኝቼ፣ እስትንፋሴን ይዤ አነሳሁ። አባቴ ሲያያቸው የሚለውን በልቤ እየሰማሁ ሠላሳ ሁለት ፎቶ አነሳሁ።

ሠላሳ ሦስተኛውን ሳነሳ መስመሩ ተቆርጦ አገኘሁት። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ያን የመሰለ ጥለት አንድ ሰው ረግጦ አበላሽቶታል። ከዚያ ነው የእግሩን ልክ ያስተዋልኩት። ባዶ እግር ነው። ትንሽ ነው፣ የሴት። ወደ ውሃው ወርዶ ተመልሶ ወደ ደንገሉ ይገባል። እንደ ልማዴ በካሜራው ቀዳዳ እያየሁ ዱካውን ተከተልኩ፤ ደንገሉ ጥግ ላይ ቢጫ ነገር አየሁና፣ አበባ መስሎኝ፣ ተጫንኩት። ሠላሳ አራት። ቢጫው ተነቃነቀ።

«አያ ይመር?» አለ የሴት ድምፅ።

ካሜራውን ዝቅ ሳደርግ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ወጣት ደንገሉን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ወባ ይዟት ነው መሰለኝ በዚያ ፀሐይ ትንቀጠቀጣለች። ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅኩ። ባለፈው እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሟ ተነብቦ ነበር፤ ገነት የምትባል ከደሴ ያመለጠች ተማሪ፣ ያያት እንዲጠቁም፣ የደበቃት እንደ እሷ እንደሚቆጠር። ያን ጊዜ አያ ይመር ከፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ ጀርባው ትዝ አለኝ።

«ፎቶ አነሳኸኝ?» አለችኝ።

«አላየሁሽም ነበር…»

«አነሳኸኝ ወይ ነው የምልህ!»

«አዎ።»

እዚያው ቁጭ አለች። «ወንድሜ፣ በእናትህ አጥፋው። እኔስ እሺ፣ ሰውዬው የልጆች አባት ነው። በእናትህ።»

«አጠፋዋለሁ። ቤቴ ስደርስ አጠፋዋለሁ። አብሽሪ» አልኳት።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የካሜራው ጀርባ በጣት የሚከፈት ክዳን ነው። እዚያው፣ በዚያ ፀሐይ፣ አንዴ ባወልቀው ፊልሙ ሁሉ ይቃጠል ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። ጣቴ ክዳኑ ላይ ደርሶ ነበር። ያልከፈትኩት ለሠላሳ ሁለቱ ጥለት ስለሳሳሁ ነው። የሁለት ሰው ነፍስ እጄ ላይ ሆኖ ለአሸዋ ሳሳሁ።

ያለኝን ቁራጭ ዳቦ ሰጥቻት ወደ ጠርዙ ስመለስ ሌላ ታንኳ ወደ ደሴቷ ሲመጣ አየሁ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ነበሩበት፣ ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። ወደ ደንገሉ ዞሬ እንዳላይ አንገቴን እንደ ግንድ አድርጌ ቆምኩ።

አንደኛውን አውቀዋለሁ። ሙሄ ይባላል፤ የአምባሰል ገበሬ ልጅ ነው። ከወር በፊት ለመታወቂያ አንስቼው ነበር። የፎቶውን ደረሰኝ እንዲፈርም ጣቱን ቀለም ላነካለት ስል «ጣት አይደለም፣ ፊርማ ነው!» ብሎኝ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ላብ እያጠመቀው ስሙን ጻፈ። ፊደል ያስቆጠሩት የዕድገት በኅብረት ዘማች ተማሪዎች እንደሆኑ በኩራት ነገረኝ። ያኔ ስቄበት ነበር። አሁን ግን ጠመንጃ ይዞ ከታንኳው ሲወርድ የማስታውሰው ሰው አልመስልህ አለኝ።

«ለማን ነው በመስተዋት ምልክት የምትሰጠው?» ብሎ ጮኸ ሁለተኛው፣ ገና ሳይደርስ።

«የምን መስተዋት? ካሜራ ነው… አሸዋ ነው የማነሳው…»

«ከከተማው ታይቷል እኮ! ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብልጭ ይላል! አምባሰል ተራራ ላይ ላሉት ሽፍቶች አይደለም?»

የካሜራዬ መነጽር ፀሐይ መልሶ ኖሯል። ሙሄ አሸዋው ላይ እየተራመደ መሬቱን ያያል። ዱካው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በከባድ ቡትስ ጫማው በዱካው ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ጥለቴንም የልጅቱንም እግር አንድ ላይ ድብልቅልቁን አወጣው። የማያስተውል ደነዝ ብዬ በልቤ ሰደብኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

«ደንገሉንስ አንፈትሽም?» አለ ጓደኛው።

«ዘንዶ አለበት ይላሉ። ደግሞ መስተዋቱ የተገኘው እሱ እጅ ነው። ይዘን እንሂድ» አለ ሙሄ።

መንገድ ላይ አያ ይመር ሊወስደኝ እየቀዘፈ ሲመጣ አገኘን። ያደረስከው አንተ ነህ ተብሎ እሱም ታንኳውን አስጠግቶ እንዲከተል ታዘዘ። አንዴ ብቻ ዓይን ለዓይን ተያየን። ጥያቄው ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ ወደ ውሃው አቀረቀርኩ፤ እሱም አወቀ።

ቀበሌው ግቢ ስንደርስ አያ ይመርን ከደጅ አስቀምጠው እኔን ወደ ሊቀመንበሩ አስገቡኝ። ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ይኸው ነው ሰውን የሚያስፈራው።

«ምን ስታነሳ ነበር?»

«አሸዋ ጓድ ሊቀመንበር። ውሃው የሚሠራውን መስመር… አባቴ ሸማኔ ነው፣ ለጥለት…»

«አሸዋ!» አለና ካሜራዬን አገላበጠው። «ሰው ለአብዮቱ በሚሞትበት ሰዓት አንተ አሸዋ። መስመር አልክ? ካርታም መስመር ነው።» የቆጣሪዋን ቁጥር አየ። «ይቺ ምንድን ናት?»

«የተነሳው ፎቶ ብዛት።»

«ሠላሳ አራት ትላለች። አሁኑኑ አጥበህ ታመጣለህ፣ ሠላሳ አራቱንም። አሸዋ ከሆነ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። ሠላሳ ሦስት ይዘህ ብትመጣ ግን፣ የጎደለችውን አንተን አስቀምጬ እቆጥራለሁ።»

ፊልም የሚታጠበው በጨለማ እንደሆነ፣ ብርሃን ካየ እንደሚቃጠል አስረዳሁት። ጨለማ ስል ጠረጠረ። «ሙሄ፣ አብረኸው ግባ። እጁን ጠብቅ» አለ። ራሱም ተነስቶ ከእኛ ጋር ወደ ፎቶ ቤቴ መጣና ወንበሬ ላይ፣ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ተቀመጠ። ገና ቀትር ማለፉ ነበር። በመስኮቴ በኩል ሰዎች በዚያ ማዶ መንገድ እየተሻገሩ ሲሸሹ አየሁ።

ጨለማ ክፍሏ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ካልገጠመ አትይዝም። በሩን ዘጋን። እጄን ዓይኔ ላይ ባደርገው የማላይበት ጨለማ ነው። የሙሄ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል፤ የጠመንጃው ዘይት ይሸተኛል። የፊልሙን ቆርቆሮ ከፈትኩና ፊልሙን በጣቶቼ እየዳበስኩ መጠምጠሚያው ላይ ማዞር ጀመርኩ።

ሥራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የተነሳው ፎቶ መጀመሪያ ይወጣል፣ የመጨረሻው መጨረሻ። ፊልሙ ሲያልቅ ጫፉ ከቆርቆሮው ውስጥ በወጣችው ትንሽ እንዝርት ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር በመቀስ ይቆረጣል። መቀስ ማንሳቴ የግድ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። ከተለመደው ቦታ አንድ ጣት ፈቀቅ አድርጌ ብቆርጥ ሠላሳ አራተኛዋ ከእንዝርቱ ጋር ትቀራለች፤ በእግሬ ከጠረጴዛው ሥር እገፋታለሁ። ዱካ ያለባት ሠላሳ ሦስተኛዋ ብትቀር እንኳ የእኔው ዱካ ነው ማለት ይቻላል። አንዲት ጣት። ልጅቱም አያ ይመርም የሚተርፉባት ልክ ያቺ ነበረች።

እኔ ግን የሊቀመንበሩ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ይዘህ ብትመጣ ግን… ባለፈው ወር ተወስደው ያልተመለሱትን፣ መሳቢያዬ ውስጥ ፎቷቸው የቀረውን አሰብኩ። አባቴ የእኔን ፎቶ ከዚያ መሳቢያ ሲያወጣ ታየኝ። ቆረጥኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። መቀሱን የተለመደው ቦታ ላይ፣ ጫፉ ላይ አስጠጋሁት። ሠላሳ አራቱንም ላጥብ ወሰንኩ። በዚያች ሰዓት ራሴን ማዳን እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

«ብርሃን ካየ ምን ይሆናል አልክ?» አለኝ ሙሄ በሹክሹክታ።

«ይቃጠላል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ቀጭን ብርሃን ይበቃዋል። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ባትሪህን እንዳታበራ።»

የእሱ ትንፋሽ ይሁን የእኔ መለየት አቃተኝ።

«ደንገሉ ውስጥ ያለችው… ፎቶው ላይ አለች?» አለ።

አይቷታል። ያወቀው ሁሉ ሊቀመንበሩ ያወቀው መሰለኝ። ወጥመድ ነው አልኩ። ብዋሽ ፎቶው ሲወጣ ያዩታል፤ እውነቱን ብናገር ምናልባት ይምሩኛል። አንባቢዎቼ፣ ማንም አልመታኝም። ጥፍሬን የነቀለ፣ ጠመንጃ የደቀነብኝ የለም። በሹክሹክታ ተጠየቅኩ፣ በሹክሹክታ መለስኩ።

«አዎ። መጨረሻው ላይ አለች» አልኩ።

ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ሲንቀሳቀስ ሰማሁና «አይ!» ብዬ ሳልጨርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የቀኑ ብርሃን ክፍሉን ሞላው። ፊልሙ እጄ ላይ እንደ ተፈታ አንጀት ተንጠልጥሏል። ሙሄ አንገቴን ይዞ ወደ ውጭ ጎተተኝ።

«ምንድን ነው የምትቆርጠው? ምን ልታጠፋ ነው?» ብሎ ጮኸ፤ በጥፊም መታኝ። ጥፊው ያቃጥል ነበር።

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሳ። ፊልሙን አየ፣ በሩን አየ። «ምን አደረግክ?»

«መቀስ ሲያነሳ ሰማሁ ጓድ ሊቀመንበር። ሊያጠፋብን መስሎኝ ከፈትኩት።»

«ጨለማ ያስፈልገዋል ሲል አልሰማህም? አንተ ደደብ!»

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ ጓድ ሊቀመንበር። ስለ ፊልም ምን አውቄ» አለ ሙሄ፤ ፊቱን እንደ ሞኝ አንጠልጥሎ።

ያ ፊት ማስመሰል እንደሆነ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከደቂቃ በፊት «ሁሉም?» ብሎ የጠየቀኝን ድምፅም የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሊቀመንበሩ ያም ሆኖ አጥብ አለኝና አጠብኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር ወጣ። ሙሄን እዚያው መትተው፣ ጠመንጃውን አስፈትተው ሲወስዱት በአጠገቤ አለፈ። ከንፈሩ ደምቷል። አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«አብሽር» አለኝ።

እኔን ቀበሌው እስር ቤት ከተቱኝ። በማግስቱ አባቴ ያንን ባለ አረንጓዴና ጥቁር ጥለት ጋቢ አጣጥፎ፣ የመጀመሪያዋን የጭቃ ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ መጣ። የሆነውን የነገረኝ የእስር ቤቱ ዘበኛ ነው። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ጋቢውን ዘርግቶ፣ ፎቶውን ከጎኑ አድርጎ፣ «መስመሩን በጣትህ ተከተለው ጌታዬ። ይኼ ካርታ ከሆነ የምታስረው እኔን ነው፣ የሸመንኩት እኔ ነኝ» አለው። ሊቀመንበሩ በጣቱ ተከተለው ይባላል፤ ሁለት ጊዜ። በአምስተኛው ቀን ለቀቁኝ። ጋቢው ግን እዚያው ቀረ።

አያ ይመር ላይ ምንም ስላልተገኘበት ያንኑ ዕለት አምሽቶ ለቀውት ኖሯል። በማግስቱ ማለዳ እንደ ሁልጊዜው ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ፣ ልጅቱን በመረብ ሸፍኖ ማዶ አሻገራት፤ ከዚያ የአምባሰል ዘመዶቹ ተቀበሏት። ይህን የነገረኝ በተፈታሁ ዕለት ቤቴ መጥቶ ትከሻዬን እየሳመ ነው።

«ፎቶ እንዳነሳሃት ልጅቱ ነግራኛለች። ፊልሙን አቃጠልክልን አይደል?» አለኝ፣ ያ ድምፅ የሌለው ሰው እያለቀሰ። «አውቄያለሁ። ምንም አትበለኝ። እዚያ ታንኳ ላይ ክፉ ጠርጥሬህ ነበርና አውፍ በለኝ።»

እንዲህ ነው ልለው ነበር። አላልኩትም። ወሬው እንግዲህ ከዚያች ቀን ጀመረ፤ እሱ ለሚስቱ ነገረ፣ ሚስቱ ደርግ እስኪወድቅ በሆዷ ይዛ ቆይታ ለአገር ሁሉ ነገረች።

ሙሄን ከሚቀጥለው ሚሊሺያ ጋር ወደ ጦር ግንባር ሰደዱት። ዓመት ሳይሞላ መርዶው መጣ። አንድ ቀን ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ፎቶ ቤቴ ገብተው ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄን ለመታወቂያ አንስተኸው ነበር አሉኝ፣ ሙሄ የሚባል። ምስሉ የለኝም። ቢገኝ ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

አገኘሁት። አሳድጌ አጥቤ ሰጠኋቸው። ፎቶውን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ብዙ ካዩት በኋላ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሰው ያስር ነበር ይሉኛል። ክፉ ሆኖ ነበር ይላሉ። አንተ ታውቀው ነበር?»

በሩ ክፍት ነበር፤ ከደጅ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመው ያወራሉ።

«አላውቀውም እናቴ» አልኳቸው።

«እሺ፤ አላህ ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

ገነት ደርግ ከወደቀ በኋላ መጣች፤ የሁለት ልጆች እናት ሆና። ሰው በተሰበሰበበት ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ያዝኳት። ለብቻችን ስንሆን፣ በዘመቻው ጊዜ አምባሰል ውስጥ ሙሄ የሚባል ገበሬ አስተምራ እንደሁ ጠየቅኳት። «ብዙ ነበሩ እኮ» አለች። «ሙሄ የሚባልም አይጠፋም። ምነው?» ምንም አልኳት። ያስቆጠረችው እሷ ትሁን ሌላ ዘማች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያ ነገር ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ አሸዋ ፎቶ ማንሳት ትቻለሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ምነው ጥለቱ ቀረ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ወንበሬ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ፣ ፊቱ እንዴትም ቢከፋኝ፣ ረጋ ብዬ ሁለቴ ማየት ተምሬያለሁ። ደግሞም እፈራለሁ። ያን ጊዜ የፈራሁት ሊቀመንበሩን ነበር። አሁን የምፈራው በጨለማ የተጠየቅኩ ዕለት የሚወጣውን የራሴን ድምፅ ነው።

የሙሄ እናት ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ለእሳቸው መናገር የነበረብኝን ለእናንተ የምናገረው ሌላ የምነግረው ስላጣሁ ነው። ፎቶ ቤቴ መስኮት ላይ ምላሱን አውጥቶ ስሙን የጻፈው የዚያ ልጅ ምስል ተሰቅሏል። ደንበኞች «ዘመድህ ነው?» ይሉኛል፤ «አዎ» እላለሁ። ከእንግዲህ ግን ሰርግ ላይ ያ ታሪክ ሲነሳ የተቀመጠ ሰው ከመካከላችሁ ቢኖር፣ እባካችሁ እንዲህ ብላችሁ አርሙልኝ፦ ፊልሙን ያቃጠለው ሙሄ ነው። ሰይድ ተጠይቆ፣ አለች ብሎ ነበር።